ከአተላው ጋር የከረመ ወይን

አርሜልን ማመስገን ቀላል አይደለም። ቁጡ ናት፣ ግትር ናት፤ ቅዳሴ ላይ ዘግይቶ የገባን ሰው በዓይኗ ትቀጣለች። በሴቭር ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን ከእርሷ ጋር ያልተጋጨ ጎረቤት የለም። ሆኖም አንድ ነገር ልመሰክርላት እገደዳለሁ፤ ሁሉም ሲቸኩል እርሷ መጠበቅን ታውቃለች።

አባቷ ሲሞቱ በኮረብታው ላይ ያለውን የወይን ተክል ለእርሷና ለታናሽ ወንድሟ ለኤርቬ አወረሱ። ከተክሉ ጋር አንድ ሥርዓት አብሮ ወረደ። ነጩ ወይን ፈልቶ ካበቃ በኋላ ከአተላው ሳይለይ የብርዱን ወራት በገንዳው ውስጥ ይተኛል፤ ጸደይ ሳይገባ ማንም አይነካውም። አባቷ «ሕፃን ካለጊዜው ከእናቱ አይነጠልም» ይሉ ነበር።

ኤርቬ ክፉ ሰው አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ነው። በዘመናችን በክፋትና በችኮላ መካከል ያለው ርቀት እየጠበበ መጥቷል። ጎረቤቶቹ ወይናቸውን ቶሎ ከአተላው እየለዩ ቶሎ ሲሸጡ አይቶ የአባቱ ሥርዓት ሰለቸው። «በዚህ ጸደይ ወይኑ ነጋዴውን ሙሴ ጋቦሪን ካላስደሰተ ተክሉን ነቅለን በቆሎ እንዘራለን» አለ። አርሜል ተስማማች፤ እስከዚያ ድረስ ግን ገንዳውን ማንም እንዳይከፍት አስማለችው።

የካቲት ላይ ያልታሰበ ሙቀት መጣ። ወይኑ እንዳይበላሽበት የፈራው መንደርተኛ ሁሉ ከአተላው ለየ። ኤርቬም መሐላውን ረስቶ ቱቦ ተሸክሞ ገንዳው ወዳለበት ምድር ቤት ሲወርድ፣ እኅቱ በገንዳው ቧንቧ ፊት ወንበር አስቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«ተነሺ እንጂ አርሜል! ሙቀቱ አይሰማሽም?»

«ይሰማኛል። ለዚህ አይደል መስኮቱን ዘግቼ ወለሉን ውኃ ያጠጣሁት?»

«ጎረቤት ሁሉ ለየ እኮ!»

«ጎረቤት ሁሉ ወንዝ ቢገባ ልትከተል ነው? ሂድ፣ በቱቦህ አትክልት አጠጣበት።»

ሙቀቱ እስኪያልፍ ወንበሩን አልለቀቀችም፤ ምሳዋን እንኳ እዚያው በላች።

ጸደይ ገባ፤ ወይኑ ከገንዳው በቀጥታ ወደ ጠርሙስ ተቀዳ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙሴ ጋቦሪና እኛ ጎረቤቶች በቤታቸው ተሰበሰብን። እንግዳን ያለ ኬክ መቀበል በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ የኤርቬ ሚስት ዦስሊን በለውዝና በቅቤ የተሠራ፣ ሩም በተባለ አረቄ የራሰ፣ ስኳር የለበሰ ኬክ አቀረበች። አርሜል ገና ጓዳ ነበረች። ኤርቬ ወይኑን ቀዳ።

ነጋዴው ኬኩን ጎርሶ ወይኑን ተጎነጨ። ፊቱ ሎሚ እንደነከሰ ሕፃን ተጨማደደ።

«ኤርቬ ወዳጄ፣ ይህ ለሰው ነው ወይስ ለመስኮት መወልወያ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኤርቬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እንግዲህ በቆሎ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

አርሜል ቢላዋ እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። ኬኩን አየች፤ ከዚያ ነጋዴውን አየች።

«ማነው ወይኔን በስኳር ያስገደለው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዦስሊን ቀልታ። «እንግዳ ባዶ አፉን ይቀመጥ?»

«ኬክሽ ጥሩ ነው፤ ግን ስኳር የቀደመው ምላስ ወይኑን ያጎመዝዘዋል፤ ቦታው ከቡናው ጋር ነው። ሙሴ ጋቦሪ፣ አፍዎን በዳቦ ያጥሩና ደግመው ይቅመሱ።»

«ማዳም፣ አንድ ቅጣት አይበቃኝም?»

«ለዚህ አፍዎ አይበቃም።»

በዚያ ጠዋት ከባሕር የመጡ፣ ጥሬያቸውን የሚዋጡ ኦይስተር የተባሉ ፍጥረቶችን በዛጎላቸው እንዳሉ፣ ከጥቁር ዳቦና ጨው ካለው ቅቤ ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ነጋዴው አንዱን ዋጠ፤ ወይኑን አስከተለ። ሁለተኛውን አነሣ። የባሕሩ ጨው የወይኑን ስለት ተቀብሎታል፤ ወይኑም ጨዉን አጥቦ ምላስን ለሌላ ጉርሻ አዘጋጅቷል። ከአተላው ጋር በመክረሙ ያገኛት ቀጭን አረፋ ምላስ ላይ ትነዝር ነበር። ቀጥሎ የወንዝ ዓሣ በቅቤና በሽንኩርት መረቅ መጣ፤ ያ ስለታም ወይን የቅቤውን ክብደት ቆረጠው። ዓሣው ሳያልቅ ሙሴ ጋቦሪ እጁን ዘርግቶ ጠርሙሱን ራሱ አንሥቶ ቀዳ። በእኛ አገር እንዲህ የሚያደርግ እንግዳ ወይ ባለጌ ነው፣ ወይ ተሸንፏል። ሙሴ ጋቦሪ ባለጌ አልነበረም።

«ይህን እንዳለ እወስደዋለሁ» አለ። «የሚቀጥለውን ዓመትም። ብቻ ማንም እንዳይነካው!»

«እስካሁንስ ማን ነካው?» አለች አርሜል፤ ከዚያም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብላ ለራሷ ቀዳች።

ወይኑ ያው ወይን ነበር። ስንቱን ሰው ካለቦታው አስቀምጠን ጎምዛዛ ነው ብለን እንደፈረድንበት እግዚአብሔር ይወቀው።

በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ላይ ሙቀቱ ተመልሶ መጣ። የራሴን ወይን ልለይ ፈልጌ ቱቦ ልዋስ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ወንበሩ በቧንቧው ፊት ነበር። የተቀመጠበት ግን ኤርቬ ነው፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ።

«ቱቦው አትክልት ቦታ ነው» አለኝ። «ድምፅህንም ቀንስ፤ ሕፃኑ ገና እናቱ ጋ ነው።»