ቀማሽ ያጣ ድስት

መንበረ ሁለተኛ ሥራ የፈለገችው ሀብት አምሯት አይደለም። መተማ ዮሐንስ ላይ ከልጇ ከውቢት ጋር የተከራየችው ክፍል ከአንድ መጠጥ ቤት ጀርባ ነው። በመካከል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ግድግዳ አይባልም። ውቢት ሕፃን ሳለች ነገሩ ያን ያህል አይከብድም ነበር። አሁን ግን ልጅቱ በቁመት እናቷን ደርሳለች። ፀሐይ ጠለቅ ስትል ሞቅ ያላቸው ወንዶች ሽንት ቤት የሚፈልጉ መስለው በራቸውን ይገፉታል። አንዳንዱ እውነትም ሽንት ቤት የሚፈልግ ነው። ሁሉም ግን አይደለም፤ መንበረም ይህን የማትረዳ ሞኝ አልነበረችም።

ከመስጊዱ በላይ ባለው ሰፈር የብሎኬት ግድግዳና ደህና የብረት በር ያለው ክፍል አይታለች። ባለቤቲቱ «እስከ ፋሲካ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው አከራያለሁ» ብላታለች። የመንበረ ደሞዝ ግን ያንን ክፍል የሚደፍር አልነበረም። በአንድ የግል ክሊኒክ ጽዳት ነው የምትሠራው፤ ጎህ ሲቀድ ገብታ ቀትር ላይ ትወጣለች። ስለዚህ የምትፈልገው ከቀትር በኋላ የሚጀመር ሥራ ነበር። መተማ ላይ በመጋቢት ሙቀት ከቀትር በኋላ የሚሠራ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ታገኙ እንደሁ እንጃ። ውሻውም፣ ነጋዴውም፣ ጉምሩክ የሚጠብቀው ሾፌርም ጥላ ሥር ነው።

ዳቦ ቤቱን ጠየቀች፤ ሥራው ሌሊት ነው፣ ውቢትን ለማን ትታ? ሰሊጥ የሚበጠርበትን መጋዘን ጠየቀች፤ ጠዋት የማትገባ ሴት አንፈልግም አሏት። ሻይ ልታፈላ ሞከረች፤ በዚያ ንዳድ ሻይ የሚጠጣ አልተገኘም። ደላላው ደረበ መጨረሻ ላይ ታክቶት ሳቀባት።

«አንቺ፣ ሥራ ነው የምትፈልጊ ወይስ በልክሽ የሚሰፋ ቀሚስ?»

«በልኬ የሚሰፋ ሥራ» አለችው።

ይሳቅባት እንጂ በልኳ የተሰፋውን ሥራ ያመጣላትም እሱ ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ሮመዳን ተደራርበው ገብተው ነበር። ነጋዴው አብዱረሕማን በየሮመዳኑ ሱቁ ፊት ለፊት ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ወረፋ የሚጠብቁትን ሾፌሮችና መንገደኛውን ሁሉ ማስፈጠር ልማዱ ነው። ወጥ ሠሪያቸው ባል አግብታ ሸሕዲ ስለሄደች ሚስቱ ኩብራ ሰው እያፈላለገች ነበር። መንበረ ደግሞ ሱዳን ሳይታመስ በፊት ገዳሪፍ ላይ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ምግብ ታበስል ስለነበር፣ ሹርባውንም ፉሉንም አሳምራ ታውቀዋለች። ሥራው ከቀትር በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ያልቃል። ኩብራ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ሮመዳኑን ሥሪ። እጅሽ ከጣመኝ ከዒድ በኋላም ትቀጥያለሽ» አለቻት።

ክፍሉ በእጇ የገባ ያህል ደስ አላት። አንድ ነገር ብቻ ያሳስባት ነበር። መግሪብ ማለት መጠጥ ቤቱ የሚሞላበት ሰዓት ነው። ልጇን ከዚያ ቤት ለማውጣት ስትል፣ በክፉው ሰዓት ልጇን ብቻዋን ትታት ማምሸት ግድ ሆነባት። ውቢት «እቆልፋለሁ፣ አታስቢ» ትላታለች። መንበረ ግን ታስባለች፤ ሽንኩርት ስትከትፍም ታስባለች።

የኩብራ ማጀት ሌላ ችግር ነበረበት፤ ቀማሽ የለውም። ኩብራ ጾመኛ ናት። በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት ይፈቀዳል ቢሏትም ልቧ አይወደውም። መንበረ ደግሞ እንኳን በሁዳዴ በፋሲካም የእነሱን እርድ አትበላም። የአጥንት ሹርባው የሚሠራው እንግዲህ በእጅ ልክና በእግዜር ቸርነት ነበር። የመንበረ እጅ አያሳፍርም፤ ከሾፌሮቹ መካከል ሳህኑን በዳቦ የማይጠርግ አልነበረም።

በቤቱ ውስጥ የማይጾም አንድ ሰው ቢኖር የአብዱረሕማን እናት፣ እማ ሉባባ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ እንዳይጾሙ አስጠንቅቋቸዋል። ሃይማኖታቸው ለታመመ ሰው እንደሚፈቅድ እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጾሙ የኖሩ ሴት ናቸውና፣ በሮመዳን ቀን ማኘክ ሞት ሆነባቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ይጾማሉ ብሎ ነው የሚያውቀው። መንበረ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒት ሲወስዱ የሚበሉትን በሳህን ከድና፣ ማጀቱ አጠገብ ካለው ክፍላቸው መጋረጃ ጀርባ ታቀርብላቸዋለች። ኩብራ በመጀመሪያው ቀን «ይህ ነገር ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ» ብላ አስጠንቅቃታለች። እማ ሉባባ እየበሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ልጇ ይጠይቋታል። መንበረም ስለ ቆርቆሮው ግድግዳና ስለ በሩ ነግራቸዋለች። ለሌላ ሰው ነግራ አታውቅም።

ሮመዳኑ ከተጋመሰ በኋላ በአንዱ ቀን ጎረቤት ሴቶች ሳምቡሳ ሊጠቀልሉ መጥተው ግቢው በወሬ ደምቆ ነበር። መንበረ ሹርባው ውስጥ ጨው ጨመረችና ከሰል ልታመጣ ወጣች። ተመልሳ ለእማ ሉባባ ጨልፋ አስገባች። ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ፤ እሳቸው ዳቦውን ብቻ በውሃ በልተዋል። የምግብ ፍላጎት አጡ እንዴ ብላ አዘነች እንጂ ሌላ አልጠረጠረችም።

አዛን ተባለ፤ ሰዎቹ በቴምርና በውሃ አፈጠሩ፤ ሹርባው ቀረበ። የመጀመሪያውን ማንኪያ የቀመሰ ሁሉ ወሬውን አቆመ። የሰው ቤት ነውና የተፋ የለም። አንዱ ሽማግሌ ሾፌር ብርጭቆውን ሦስቴ አስሞልቶ «ዛሬስ ውሃው ጣፍጧል» አለ። አብዱረሕማን እንግዳ ፊት ቀና ብሎ ማየት አቅቶት፣ ማሰሮውን ራሱ ይዞ ውሃ ሲያዞር አመሸ። መንበረ በበሩ በኩል አየችው።

በማግሥቱ ከክሊኒኩ ስትመጣ ድስቱ አጠገብ መጂዳ ቆማ አገኘች። መጂዳ ከጎረቤቶቹ አንዷ ናት። ሴቶቹም ተሰብስበው ሊጥ ያድቦለቡላሉ። ኩብራ ሰው ፊት መናገሩ የከበዳት አልመሰለችም።

«እጅሽ አይከፋም መንበረ። ትናንት ግን እንግዳ ፊት አዋረድሽን። ከዛሬ ጀምሮ ድስቱን መጂዳ ትያዘው፤ እሷ በምላሷ ነክታ ትተፋለች፤ አንቺ ያችንም አትችይ።»

«እትዬ ኩብራ፣ ጨው የወትሮዬን ነው የጨመርሁ፤ በልጄ ይዤዎታለሁ።»

«የወትሮሽን ብትጨምሪማ እንደ ወትሮው በሆነ።»

መንበረ የብሎኬቱ ክፍል ከፊቷ ሲሄድ ታያት። ውቢት በሩን በጀርባዋ ደግፋ ታየቻት። ከዚያ አስባው የማታውቀው ነገር አፏ ላይ መጣ፤ እቀምሳለሁ ልትል ነው። ሥጋውንም፣ እርዱንም፣ ሁዳዴውንም ለልጇ ስትል ልትረሳው ነው፤ እግዜር አይቶ ይፍረድ። አፏን ከፈተች።

በዚህ መካከል መጋረጃው ተገለጠ። እማ ሉባባ ግማሽ የተበላ ዳቦ በአንድ እጃቸው፣ ማንኪያ በሌላው ይዘው ወደ ፀሐይ ወጡ። ሴቶቹ ዳቦውን አዩ። ከዚያ ወደ ሊጣቸው አቀረቀሩ።

«ትናንት ከዚህ ሹርባ ቀምሻለሁ» አሉ። «በጠራራ ፀሐይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የጨው ባሕር ነበር። አውቄ ዝም አልሁ።»

«እማ፣ ኧረ ሰው ፊት...» አለች ኩብራ።

«ሰው ፊት ነው እንጂ! ትናንትም የፈራሁ ሰውን ነው። ጨው በዛ ብል፣ በምን አወቁ ይሉኛል ብዬ ነው። ይህች ጨምራ ለከሰል ወጣች፤ አንቺ ከሴቶቹ ጋር እያወራሽ ገብተሽ ደገምሽበት። በመጋረጃው ሥር ሁለታችሁንም አይቻለሁ። ስኳር አለብኝ፤ ሐኪም ከልክሎኛል፤ እበላለሁ። ይኸው ነው። ለእኔ እፍረት የሰው ልጅ ከእንጀራዋ አትነሣም።»

ኩብራ ፊቷ ደም መሰለ። ትናንት እጇ ጨው ዕቃው ውስጥ መግባቱን አሁን ገና ነው ያስታወሰችው፤ ማስታወሷም ከፊቷ ይነበባል። እማ ሉባባ ወደ ድስቱ ተጠግተው ጨለፉ፤ ሴቶቹ ሁሉ እያዩ ቀመሱ፤ ዋጡም። ሲውጡ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«ጨው ይጎድለዋል» አሉ፤ ማንኪያውን ለመንበረ እየሰጡ።

መጂዳ መሐረቧን አስተካክላ ከድስቱ ራቀች። ከዚያ ሳምቡሳ ከሚጠቀልሉት መካከል ተቀምጣ፣ ለማንም ሳይሆን «እናቴም እንዲሁ ጓዳ ተደብቀው ነው የሚበሉ፤ እኛ እንዳናይ» አለች። ኩብራ ይቅርታ የሚባል ነገር አልወጣትም፤ የሷ ዓይነት ሰው ይቅርታውን በሥራ ነው የሚናገረው። የጨው ዕቃውን አንሥታ መንበረ እጅ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሊጡ ሄደች።

እማ ሉባባ የሳጠራ ወንበራቸውን ከማጀቱ በር ላይ አስቀመጡ። ከዚያን ቀን ወዲያ መጋረጃ የሚባል ነገር አልፈለጉም። አንዳንድ ሴቶች ለጥቂት ቀን እግራቸውን ከግቢው አሳጠሩ፤ አሮጊቷም እንደከፋቸው አልደበቁም። ያም ሆኖ ድስቱ ሳይቀመስ ወጥቶ አያውቅም።

«ልጅሽን ከነገ ጀምሮ ወደዚህ አምጫት» አሏት መንበረን፣ በዚያው ቀን እዚያው በተቀመጡበት። «አንቺ እዚህ እሳት ስትሞቂ እሷ ያንን በር የምትጠብቅበት ምን ምክንያት አለ? ከእኔ ጋር ታምሽ።»

መንበረ ልትባረር ስትል ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች።

የብሎኬቱን ክፍል ፋሲካ ሳይደርስ ያዙት። ከዒድ በኋላም ኩብራ «በሰዓትሽ ነይ» ብላ ሥራው ቀጠለ፤ ከክሊኒኩ ጋር ተጋጭቶ አያውቅም። መንበረ ስለዚያ ሮመዳን ስትጠየቅ ግን የምታወራው ስለ ክፍሉ አይደለም። ውቢት መጀመሪያ የመጣችበትን ምሽት ነው። አዛኑ ተብሎ፣ መንበረ ሹርባውን ለሾፌሮቹ አውጥታ ስትመለስ፣ ልጅቱ ደብተሯን እንደከፈተች በእማ ሉባባ አልጋ ላይ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ግቢው በሰው ጫጫታ ተሞልቷል፤ ሳህን ይንኳኳል፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ውቢት ግን አልሰማችም።

መንበረ ከበሩ ላይ ቆማ አየቻት። ልጇ በዚያ ሰዓት ዓይኗን ስትከድን አይታት አታውቅም ነበር።