የሺሃረግ ካዮቲዎቹን ያየችበት ጠዋት

የሺሃረግ ዳላስ ባለው በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን በዊልቸር እየገፋች ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሥራዋን ትወደዋለች፤ አረጋውያኑ ሲመርቋት ደግሞ ድካሟ ሁሉ ይጠፋል። ዓይኗ መደብዘዝ ሲጀምር ታዲያ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የመውጫ በሮቹን ቁጥር ማንበብ ሲሳናት በጠረን መለየት ጀመረች፤ ቀረፋ የሚሸትበት ጋ ወደ ግራ፣ ሽቶ የሚሸጥበት ጋ ወደ ቀኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ የራሳቸው መስሏት የማታውቀውን ሰው መኪና ከፍታ ገባች። ሰውየው ሲደነግጥ ባሏ ባስልዮስ ሮጦ ደረሰ። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብቻ አላት።

እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን እያለቀሰች ነገረችው።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሳል አለ። ተራዋ እስኪደርስ ግን ወራት ፈጀ፤ ሥራዋንም ለጊዜው አቆመች። ባስልዮስ ግራንድ ፕሬሪ ካለው መጋዘን የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ይመጣና፣ እንቅልፉን ትቶ ቁርስ ይሠራላታል፣ ሐኪም ቤት ያመላልሳታል። ጥፍሯን ሳይቀር የሚቆርጥላት እሱ ነበር።

አንደኛው ዓይኗ ታክሞ ሽፋኑ ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

"ፀጉርህ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?"

"አንቺ ሳታዪ ነዋ!"

ሁለተኛውም ዓይኗ ታክሞ ሲያገግም ልጃቸው ዜማ፣ "እማ፣ ሶ አሁን ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?" አለቻት።

"ሩቅ ነገር።"

ዜማ ቢግ ቤንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የድንኳን ቦታ ያዘች። ባስልዮስ "ቤት እያለን ሜዳ ላይ መተኛት ምን ይሉታል?" እያለ ዕቃውን ጫነ። ከዳላስ ቀኑን ሙሉ ነድተው ሲመሽ ደረሱ። ዜማ ምግቡን ሁሉ እዚያ በተዘጋጀው የብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። "እንስሳት እንዳይመጡ ነው" ስትል ባስልዮስ የድንኳኑን ዚፕ ደጋግሞ ፈተሸ።

ጎህ ሲቀድ የሺሃረግ ጋቢዋን ተከናንባ ወጣች። የተራራው ጫፍ ብቻ ቀልቷል። ከታች፣ ደረቁ ሣር መሃል፣ ጆሮ የሚመስል ነገር ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ ጆሮ።

"ባስልዮስ! ና ውጣ! ቀበሮ!"

ዜማ ቀድማ ወጣች። "እማ፣ ካዮቲ ይሆናሉ፤ እዚህ የሚኖሩት እነሱ ናቸው። ግን የት? አይታየኝም።"

"ከቁጥቋጦዋ በስተግራ። ሦስት ናቸው። ትልቋ ደረቷ ነጣ ያለ ነው፤ አየሻት? ያ ትንሹ ደግሞ አይጥ እያደነ ነው።"

ባስልዮስም ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ትንሹ በአራት እግሩ ወደ ላይ ዘለለና በአፍንጫው ሣሩ ውስጥ ተተከለ። ባዶ አፉን ሲነሳ እነ የሺሃረግ ሳቁ። እናቲቱ ካዮቲ ሳቃቸውን ሰምታ ዞር አለች፤ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ሳትቸኩል ልጆቿን አስከትላ ወደ ሸለቆው ወረደች።

የሺሃረግ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። አምላኳን በየጸሎቷ አመስግናለች። ለሐኪሙም ድፎ ዳቦ ጋግራ ወስዳለች። አጠገቧ ለቆመው ሰው ግን አንድም ቀን ምንም እንዳላለችው ያን ጊዜ ታወሳት።

"ባስልዮስ።"

"ወይ።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"ለምኑ?"

"ለሁሉም። ለጥፍሬም ጭምር።"

"አድምቼሻለሁም እኮ" አለ። እሷም የጋቢዋን ግማሽ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

በማግስቱም ማልደው ወጥተው ጠበቁ። ካዮቲዎቹ አልመጡም። ዜማ ሻይ አፍልታ ሰጠቻቸው፤ ፀሐይዋ ከፍ ብላ እስክታቃጥላቸው ድረስ ማንም እንሂድ አላለም።