ድምፁን ነው ወይስ ሰዓቱን?

የአባቴ ሰዓት የተበላሸ ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትናንት ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ የፍሪጁ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ብቻዬን ነኝና የያዝኩትን ሰሃን አስቀምጬ ቆሜ ሰማሁት። የአባቴ ሰዓት እንዲህ ነበር የሚለው። የእሱ ግን ቀጠን ይል ነበር፤ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን እንደ ወትሮው ወደ ጅቡቲ ወረደና ቀረ። ሞተ ብሎ የነገረን የለም፣ ሌላ አገባ ያለንም የለም። የእጅ ሰዓቱ ማሰሪያው ተበጥሶ ስለነበር ያን ቀን ቤት ትቶት ነበር የሄደው። ጎኑ ላይ መሙያ የሌለው፣ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ነው። በሰፈራችን ባትሪ የሚገባለት ሰዓት ሁሉ ስሙ ኳርትዝ ነበርና እኛም ኳርትዝ እንለው ነበር።

ድሬዳዋን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛ ነበር። አሁን ባጃጁ መች ያስተኛል! ያኔ ግን ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ጥላ ይፈልጋል፣ ፍየሏ እንኳ ግድግዳ ተጠግታ ዝም ትላለች። እናቴ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ትረጫለች፤ የራሰ አቧራ ሽታ ይነሳል። ሰሌኗን ዘርግታ ጋደም ትልና ሰዓቱን ብርጭቆ ውስጥ ከታ ጆሮዋ ሥር ታስቀምጠዋለች። ብርጭቆው ድምፁን ያጎላዋል። ዝዝዝዝ... በመስኮቱ ስንጥቅ የገባ ብርሃን ፊቷ ላይ ያርፋል፤ ዓይኗ እንደተከፈተ ነው፣ እሷ ግን የለችም።

"እማዬ" እላታለሁ።

"እ... እየሰማሁሽ ነው።"

የምትሰማው እኔን አልነበረም።

ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ "አቦ አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽን በባትሪ አስነሳሽው እኮ!" ስትላት እናቴ ትስቅ ነበር። እኔን ግን አያስቀኝም።

አንድ ቀን ሰዓቱ ዝም አለ። እናቴ ነቀነቀችው። ባትሪ ቀየረችለት። እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ምንም። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ሰዓት ሠሪ ጋ ልውሰደው ስላት በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ሰዓት ሠሪው መጋላ ገበያ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሶማሌ ሽማግሌ ነበር። "ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ይዘሽ መጣሽ?" አለኝ።

"ኳርትዝ ነው።"

ጀርባውን ከፈተና ሳቀ። "ወላሂ፣ ይሄ ኳርትዝ አይደለም! ነይ እዪ።" ሆዱ ውስጥ ሁለት የመዳብ ክር ጥቅልሎች ነበሩ፤ በመካከላቸው ደግሞ ትንሽ ሹካ የምትመስል ብረት። "የምትዘፍነው እሷ ናት። ስትንቀጠቀጥ ነው ሰዓቱ የሚሄደው። ኳርትዝ መጣና እንዲህ ያለውን ከገበያ አስወጣው።" ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ካሉት አንዱን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ፤ በእጅ የሚሞላው፣ ባለ ሞላው፣ እንደሚሮጥ ሰው ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሌላውን አስጠጋ፤ ኳርትዙ እንደሚያፈስ ቧንቧ ነው፣ ጠብ... ጠብ። "ስሙን ተይው፣ ጆሮሽን እመኚ" አለኝ። ትምህርቴ ይኸው ነው። ዛሬም ሰዓት ካሳያችሁኝ የሰከንዱን ዘንግ አይቼ እለየዋለሁ፤ ባለ ሞላው እየተርበተበተ ይሄዳል፣ ኳርትዙ ይዘላል፣ ያ የአባቴ ዓይነቱ ግን ዘይት ላይ እንዳለ ይንሸራተታል።

"ታዲያ ይሠራል?" አልኩት።

"ክሩ ተቃጥሏል። ከጅቡቲ ላስመጣልሽ እችል ይሆናል፤ ወር ይፍጅ ሁለት ወር አላህ ያውቃል። አለዚያ ሆዱን አውጥቼ ኳርትዝ እከትለታለሁ፣ ዛሬውኑ ይዘሽው ትሄጃለሽ። እሱን ባቡር ቢዘገይ አይዘገይም።" ከዚያ ዓይኑ ላይ የሰካውን አጉሊ መነጽር አውጥቶ አየኝ። "እናትሽ የምትፈልገው ድምፁን ነው ወይስ ሰዓቱን?"

"ሰዓቱን" አልኩ።

ልጅ ስለነበርኩ ነው፣ አልገባኝም ነበር እያልኩ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ውሸቴን ነው። ገብቶኛል። ከምሳ በኋላ እናቴን ለራሴ ፈለግኳት፤ በቃ።

ሰዓት ሠሪው ኳርትዙን ከተተለት፤ ጎኑን በስቶም ማስተካከያ መዘወሪያ አበጀለት። የድሮውን ሆዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ "እንዳትጥይው" ብሎ ሰጠኝ። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነበር፤ ወደ ሰፈራችን ወደ ከዚራ ስሻገር አሸዋው ውስጥ ቀበርኩት።

እናቴ ሰሌኗ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ሰዓቱን ተቀብላ ብርጭቆው ውስጥ ከተተችውና ጆሮዋን ጣል አደረገች።

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

"ይሄ ማነው?" አለች።

"ኳርትዝ ነው።"

"ድሮስ ኳርትዝ አልነበር እንዴ?"

"ይሄኛው ልክ ነው የሚሄደው። ባቡር ቢዘገይ..." ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

ሰዓቱን ከብርጭቆው አውጥታ ጎኑ ላይ የበቀለውን መዘወሪያ ነካችው። "የድሮው ሆዱስ?"

"ጣልኩት።"

ብትመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ተነሥታ ብርጭቆውን አጠበችና ከሌሎቹ ብርጭቆዎች ጋር ደረደረችው። ያን ቀን ሰሌኑ ላይ ብቻዬን ተኛሁ። እሷ ጓሮ ነበረች፤ ልብስ ስትጨምቅ ውሃው መሬት ሲመታ ይሰማኛል።

በሳምንቱ እናቴ ፋብሪካ ተቀጠረች። ለሰዓቱ አዲስ ማሰሪያ ገዝታ ግራ እጇ ላይ አሰረችው። የከሰዓቱን ፈረቃ ራሷ ጠይቃ ነው የገባችበት፤ ምሳዬን ሰጥታኝ ስምንት ሰዓት ሳይሆን ትወጣለች። ኋላ የጠዋት ልናድርግሽ ቢሏትም እምቢ አለች፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በከሰዓቱ ሠራች።