ካርታዬ ያላየው የሰሚት ሣር

እሳቱ ከእግሬ አሥር እርምጃ ላይ ሲነሳ በእጄ የያዝኩት ስልክ "መካከለኛ ስጋት" ይል ነበር።

ሥራዬ በእሳት ሊቀጣጠል የሚችል ሣርና ዛፍ የት የት እንዳለ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። ዛሬ ቀትር ላይ አዲስ አበባ፣ ሰሚት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ በዓይኔ ላረጋግጥ ሄድኩ። አንድ ሰው የለኮሰውን ቆሻሻ ነፋስ ወደ ሣሩ ወሰደው።

ነበልባሉ ባዶ ቦታውን ወደሚያዋስን የመዋዕለ ሕፃናት አጥር ሮጠ። መምህራኑ እየጮኹ ልጆቹን ማውጣት ጀመሩ። ሴቶች በጀሪካን ውሃ ይደፋሉ፣ እኔ በጃኬቴ እመታለሁ፤ እሳቱ ግን ባሰበት።

"ውሃውን ተዉት! ቀድማችሁ አጥሩ ሥር ያለውን ሣር ንቀሉ!" አሉ ጋሽ ለሚ፣ ድሮ እዚሁ ቦታ ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ አዛውንት።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ዘበኛ በማጭድ፣ ሌሎቻችን በእጃችን ሣሩን አነሳን። እሳቱ ባዶው መሬት ጋ ሲደርስ ቆመ። ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው።



"ጋሼ፣ በሳተላይት ሳየው እኮ አረንጓዴ ነበር" አልኳቸው።

"ከላይ አረንጓዴ ነው ልጄ። ከሥሩ ግን የአምናው ደረቅ ሣር ተኝቷል። ጎንበስ ብለህ አይተሃል?"

አላየሁም።

እናንተስ፣ በሙያችሁ ተማምናችሁ ሳለ የቦታው ሰው ያዳናችሁ ቀን አለ? ጻፉልኝ።