የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ

ባለፈው ሳምንት ሲቀላ ሰፈር ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት የቁም ሳጥን ዋጋ ልጠይቅ ስገባ የተልባ ዘይት ሽታ ተቀበለኝ። ወጣቱ አናጢ የጠረጴዛ እግር የወለወለበትን ጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ ላይ ወረወረው። ዋጋ መጠየቄን ትቼ ጨርቁን አነሣሁና ዘርግቼ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ልጁ «ኧረ እናቴ፣ ቆሻሻ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ጋሽ ሻንካን እያሰብኩ ነበር።

ጋሽ ሻንካ በደርግ ጊዜ የሰፈራችን የአናጢዎች ማኅበር ዋና አናጢ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው ሰው። በእኛ ቆላ ምስጥ የማይበላው ነገር ስለሌለ ሰው ሁሉ የቤቱን ምሰሶ ሥሩን በእሳት ለብልቦ ነው የሚተክለው። ጋሽ ሻንካ ያንን ልማድ ወደ ቤት ዕቃ አመጣው። የዋንዛውን ሳንቃ ፊቱ እስኪጠቁር ይለበልባል፤ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጋል። ከዚያ የተልባ ዘይት ስስ አድርጎ ያጠጣውና የተረፈውን በጨርቅ ይጠርጋል። ሲደርቅ በሰም ያሸዋል። እኛ ልጆች በነጭ የሰልፍ ልብሳችን ቁጭ ብለንበት እንነሣና ቂጣችንን እንተያያለን። ጥላሸት የሚባል ነገር የለም።

አባቴ የዚያ ሥራ ቤት ዘበኛ ነበር። ከገረሴ ደጋ ሲወርድ ይዞት የመጣው ጋያ ከአፉ አይጠፋም፤ ትንባሆው ከፊቱ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ማንጎ ጥላ ሥር ባስተኛበት ሰዓት፣ ከተዘጋው ሥራ ቤት ጭስ ወጣ። ጎረቤቱ ከነባልዲው እስኪደርስ ግማሹ ነዷል። ያኔ ቀበሌው እሳትን እሳት ነው ብሎ አያልፈውም፤ አሻጥር ነው። አባቴን ወስደው ቀበሌው ውስጥ አሰሩት። እናቴ ጋያውን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ሰባበረችው። ከሁሉ የከፋው ግን አባቴ ራሱ ማመኑ ነበር። ምሳ ስወስድለት «እንጃ፣ እኔ እሆናለሁ... ፍም ወድቆብኝ ይሆናል» አለኝ። ወደ አውራጃ ሊልኩት ነው ተባለ። ወደዚያ የሄደ መመለሱን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ጋሽ ሻንካ ቃጠሎውን ሲጠርግ እሳቱ የተነሣው ከዘበኛው በር ሳይሆን ከወዲያኛው ጥግ መሆኑን አየ። ቅዳሜ ዕለት የዘይት ጨርቆቹን ራሱ ጆንያ ውስጥ አጭቆ ያስቀመጠው እዚያ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አፉን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ጴንጤ ስለነበር፣ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሱም በዓይነ ቁራኛ የሚታይ ሰው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ በተለመደበት ዘመን፣ እሱ ግን ቀበሌ ድረስ ሄዶ «ዘበኛውን ፍቱት፤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሊቀመንበሩ «በምን?» አለው።

«በጨርቅ።»

«ክብሪት ሳይነካው? ጓድ ሻንካ፣ ለጎረቤትህ ብለህ አትቀልድብን።»

«ላሳያችሁ።»

በማግስቱ ቀበሌው ግቢ መካከል ጨርቆች በዘይት ነክሮ ጆንያ ውስጥ ከተተ። የውሃ ባልዲ አጠገቡ አድርጎ ቁጭ አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ዞረች፣ ጠለቀች። ምንም የለም። አብዮት ጠባቂዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁበት። በነጋታው ተመልሶ መጣ። «ጨርቁ ትንሽ ነበር፤ ዘይቱ ሲደርቅ የሚፈጥረው ሙቀት አምልጧል» አለና ጨርቁን አብዝቶ በጉልበቱ ጠቀጠቀው። ሊቀመንበሩ «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ!» ቢለው፣ ወይ ፍንክች።

የአባቴን ምሳ ይዤ ስገባ ጠራኝ። «ነይ፣ እጅሽን አስነኪ።» ጆንያው እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሆድ ይሞቃል። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ምሳውን ታቅፌ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ያረረ ተልባ ሸተተን። ቀጥሎ ቀጭን ጭስ ወጣ። ከዚያ ማንም ክብሪት ሳይጭር ጆንያው ቦግ አለ። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ጋሽ ሻንካ ባልዲውን ደፋበትና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«በሉ፣ አሁን እኔን እሰሩ» አለ።

አሰሩትም። አባቴ በወጣበት በር እሱ ገባ። እስኪፈታ ድረስ ምሳውን የሚያመላልሰው አባቴ ነበር፤ ለእኔ እንኳ አይሰጠኝም። ማኅበሩ ያለ እሱ ሥራው ሲቆምበት ለቀቁት። እንደወጣ ከቃጠሎው የተረፉትን ሳንቃዎች ሰበሰበ። «እሳቱ የድርሻውን ሠርቷል፤ የቀረው ብሩሽና ዘይት ነው» ብሎ ለአባቴ አግዳሚ ወንበር ሠራለት። ጨርቆቹን ግን አንድ በአንድ ዘርግቶ አጥር ላይ ሰቀላቸው። አባቴም አዲሱን ጋያውን የሚለኩሰው እነሱን ዳብሶ መድረቃቸውን ካየ በኋላ ነበር።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። አግዳሚው በረንዳዬ ላይ አለ፤ ምስጥ አልደፈረውም። በጋ በመጣ ቁጥር ዘይት አጠጣዋለሁ። ያንን የቆሸሸ ጨርቅ ከታጠበ ልብስ ጎን ስሰቅል ጎረቤቶቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። ጨርቁ እስኪደርቅ ድረስ ከቤት አልወጣም።