እማዬን ዋጃ የምታደርስ ሞተር

ሞተር ልገዛ ነው ብዬ ያማከርኩት የቆቦ ሰው ሁሉ ለራሱ የሚመኛትን ነበር የሚመክረኝ። አንዱ ቀይ ትሁን ይላል፤ ሌላው ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ። ባጃጅ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «እታለም፣ የኛ አገር መንገድ ጎርፍ የቦረቦረው ነው፤ እግረ ረጅሟ ነች የምትሆንሽ» እያለ ቁመቷን በእጁ ያሳየኛል። ያሳየኝ ቁመት ከደረቴ በላይ ነው።

እኔ ዘግይቼ የተማርኩ ሰው ነኝ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ እኔ በማታው ክፍል ክፍልፋይ እደምር ነበር። ከዚያ የተረፈኝ ጠባይ ሳላነብ አለመወሰን ነው። ጎብዬ ተመድቤ ማስተማር ስጀምር፣ በየጠዋቱ ሚኒባስ እስኪሞላ መቆም ሰለቸኝና መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከዚያ ከሻጩ ዘንድ የሞተሮቹን መመሪያ ተውሼ አንብቤ ጨረስኩ፤ የመቀመጫውን ርዝመትና የመሪውን ከፍታ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ።

«እህቴ፣ ሞተር ልትገዢ ነው ቀሚስ ልታሰፊ?» አለኝ ሻጩ።

ነገሩ ግን የጎብዬ መንገድ ብቻ አልነበረም። እማዬ ጉልበቷ አልታጠፍ ካላት ወዲህ ታላቅ እህቷን አላየችም። አክስቴ ያለችው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ዋጃ ነው፤ እሷም ዳሌዋን ስለሚያማት መምጣት አትችልም። ሁለቱ በመንገደኛ ሰላምታ ይላላካሉ። ሚኒባስ ውስጥ እግር የሚዘረጋበት ቦታ የለም። የወንድሜን ባጃጅ ሞክራው ጉልበቷ ከፊተኛው ወንበር ጋር እየተላተመ መናኸሪያውን ሳታልፍ ወረደች። «አንድ ቀን አብሬያት ውዬ ብሞት» ትላለች። ሞተር ላይ ግን ወደ ጎን ተቀምጦ እግርን ማንጠልጠል ይቻላል። እና እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የምመርጠው የኋላውን መቀመጫ ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዷ ወንድሜ የወደዳት ረጅሟ ናት። ሌላዋ ዝቅ ያለች፣ መቀመጫዋ ሰፊና ረጅም፣ መሪዋ ወደ ነጂው የቀረበ ስለሆነ ወገብ የማታጎብጥ። ወንድሜ ይህችን «ጡረተኛዋ» ብሎ ስም አወጣላት። መመሪያው ለረጅም መንገድ ትመቻለች ይላል፤ ስለ እማዬ ጉልበት ግን የሚለው ነገር የለም።

አባቴ በቅሎ ሲገዛ የሚያደርገው ትዝ አለኝ። ገበያ ላይ ሻጩ፣ ገዢው በቅሎዋን እስከ ወንዙ ነድቶ እንዲመልሳት ይፈቅዳል። አባቴ ግን አይወጣባትም። «የምትጓዝባት እሷ፣ የምሞክራት እኔ?» ይልና እማዬን ያስቀምጣት ነበር። ሻጩን «ሁለቱንም ቤት ድረስ አምጣልኝ፤ የሚሞክረው ሰው እዚያ ነው» አልኩት። ሳቀ። የቆቦ ሰው ነውና ግን ነገሩ ገባው፤ አንዷን እሱ፣ አንዷን ወንድሜ እየነዱ መጡ።

እማዬ የዒድ ሻሿን አስራ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

«የትኛዋ ናት ሰጋሯ?»

«እማዬ፣ ሁለቱም ጎማ ነው ያላቸው» አለ ወንድሜ።

«ጎማ ያለው ሁሉ አይሰግርም። ያንተንም ባጃጅ አይተነዋል።»

ረጅሟ ላይ ለማውጣት ወንድሜ ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ አመጣ። እማዬ ደግፈናት ወጣች፣ ተቀመጠች፣ ቁልቁል አየች።

«መውጣቱስ ወጣሁ። ዋጃ ስደርስ ድንጋዩን ማን ያመጣልኛል?»

«ዋጃ ድንጋይ ጠፍቶ!»

«እህቴ ፊት እንደ ማሽላ ጆንያ ታቅፋችሁ ልታወርዱኝ? ወላሂ አልሄድም። አውርዱኝ!»

ለሁለት ታቅፈን አወረድናት።

ጡረተኛዋ ድንጋይ አላስፈለጋትም። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ትንሽ ዝቅ ስትል መቀመጫው ተቀበላት። እግሯን የኋላው ማሳረፊያ ላይ ስታደርግ ግን ጉልበቷ ታጠፈና ፊቷ ተጨማደደ። ዋጃ ከእጄ ስታመልጥ ታየኝ።

«ወደ ጎን ለሚቀመጥ ሰው የሚገጠም፣ ዝቅ ያለ ሰፊ መርገጫ አላት» አልኩ። «መመሪያው መጨረሻ ላይ ሥዕሉ አለ።»

ሻጩ ራሱን አከከ። «እሱማ አለ። የሚጠይቀኝ ስለሌለ ከካርቶኑም አላወጣሁት።»

«ይኸው ጠየቅሁህ።»

ከሰዓት በኋላ ተገጠመ። እማዬ እንደገና ተቀመጠች፤ እግሯ ተዘርግቶ መርገጫው ላይ አረፈ። የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ እሷ እዚያው እንደተቀመጠች አሚን አለች።

ቅዳሜ ፀሐይ ሳትበረታ ወጣን። ሄልሜት በሻሽ ላይ አይሆንም ብላ ተከራክራ ተሸነፈች። አስፋልቱ ላይ ግመሎች እስኪሻገሩ ስንቆም ለባለ ግመሎቹ ሰላምታ ሰጠች፤ ስንነሳ በጃንጥላዋ እጀታ የሞተሯን ጎን መታ መታ አደረገች።

«ቀስ በይ፣ ማሽላውን ልየው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አሁንስ ምን ያንቀረፍፍሻል?»

ዋጃ አክስቴ ምርኩዟን ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። ሞተሯን አቁሜ እማዬን ልደግፍ ስንደረደር «እጅሽን ሰብስቢ» አለችኝ። መርገጫውን ተጫነች፣ አንድ እግሯን መሬት አስነካች፣ ሌላውን አስከተለች። ጃንጥላዋን ዘረጋች።

«በምን መጣሽ?» አለች አክስቴ፣ እንባዋ እየወረደ።

«በበቅሎ» አለች እማዬ፣ እና ተቃቀፉ።

ከምሳ በኋላ እንሂድ ስላት «አንቺ ሂጂ፤ እኔ ገና አላወራሁም» አለችኝ። ባዶውን መቀመጫ ይዤ ቆቦ ስገባ ወንድሜ ከባጃጆቹ መሀል ዘሎ ወጣ።

«እታለም! እማዬን የት ጣልሻት?»

«ወረደች።»

«ማን አወረዳት?»

«ራሷ።»

መርገጫውን አየ፤ በእግሩ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ ጓደኞቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ጡረተኛዋን አንድ ዙር ስጪኝ» አለ።