በእኛ አቆጣጠር የሞላሁት ሰዓት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የጡረታ ፎርሜን በስልኳ ስትሞላልኝ፣ ገጹ መሃል ላይ አስወጣትና «እንደገና ይግቡ» አለ። እሷ ተበሳጨች። እኔ ትርንጎን አስታወስኩ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ ማለት ይከብዳል፤ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ማሠልጠኛ የሠልጣኞችን መዝገብ አሥራ አንድ ዓመት ይዣለሁ። ኃላፊያችን ጋሽ ሙላት የማንንም ውጤት ሲፈልጉ የሚጠሩት እኔን ነበር። ትርንጎ ከአንበሳሜ መጥታ በጊዜያዊነት የተቀጠረች ልጅ ናት። ባሕር ዳር ሄዳ ፒኤችፒ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተምራ ተመለሰችና መዝገቤን የሚተካ ፕሮግራም ሠራች። ከዚያ ወዲህ «ትርንጎን ጥሯት» ሆነ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከጉና በኩል ብርዱ ሲመጣ፣ ቅቅል ድንች በአዋዜ እየገዛን በእረፍት ሰዓት እንበላ ነበር። ሰው ሁሉ ድንቹን ይዞ እሷ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰብ ጀመር። እኔም እበላ ነበር፤ አይጣፍጠኝም እንጂ።

ፕሮግራሙ ስምና የይለፍ ቃል ሲሰጡት፣ ከዋናው ኮምፒውተር እንደ ማለፊያ ወረቀት ያለች ነገር ይልካል፤ ኩኪ ይሏታል። የምታገለግለው ለአንድ ሰዓት ነው። በየገጹ እሷን እያሳዩ ያልፋሉ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ የኮምፒውተሬ ሰዓት ተዛብቶ አገኘሁት። ስምንት ሰዓት ነበርና ስምንት ብዬ፣ «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን መርጬ ሞላሁ። ከዚያ ወዲያ በሰማያዊዋ «ኢ» ስገባ፣ የአንድ ሠልጣኝ ስም እንደነካሁ ተመልሼ በር ላይ ነኝ። በቀበሮዋ ስገባ ግን ይሠራል። ኢንተርኔት መክፈቻዎቹን በምልክታቸው ነበር የምንጠራቸው።

«ትርንጎ፣ ያንቺ ፕሮግራም አባረረኝ» አልኳት፣ ሰው እየሰማ።

«ኩኪዋ እየጠፋች ነው። እኔ ጋ ግን በሁለቱም ይሠራል። ምን አድርገውት ነው፣ እትዬ ሙሉ?»

«እኔማ ምን አውቄ! የተማርሽው አንቺ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ደስ አለኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ የጻፈችውን ስታፈርስና ስትጠግን ዋለች። «በቀበሮዋ ብቻ እንጠቀም» ብትል ጋሽ ሙላት አልተቀበሉም። «ዛሬ በአንዷ እምቢ ያለ ነገ በሌላዋ እምቢ ቢልስ? ዓርብ ካልተስተካከለ ወደ መዝገቡ እንመለሳለን። ያንቺም ውል እዚያው ያበቃል።»

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤ ይዤ ዋናው ኮምፒውተር ያለበት ቢሯቸው ገባሁ። ከእኔ ኮምፒውተር ፊት ስነሳ አራት ሰዓት ከሩብ ይላል። የእሳቸው አሥር ሰዓት ከሩብ ይላል። እዚያው ቆምኩ። ኮምፒውተሮቹ በፈረንጅ ሰዓት ይሄዳሉ፤ እኔ የሞላሁት በእኛ ነው፤ «ከሰዓት በኋላ» ብዬም ስለነበር የእኔው ስድስት ሰዓት ቀድሟል። ማለፊያዋ ገና ስትሰጠኝ፣ በእኔ ኮምፒውተር ጊዜዋ ካለፈ አምስት ሰዓት ሆኗታል።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ትርንጎ ዓይኗ ቀልቶ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የመዝገቤን ሽፋን አቧራ ጠረግኩ።

ዓርብ ቀድሜ ገብቼ ሰዓቱን አስተካከልኩ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልመረመርኩም። ጋሽ ሙላት ሰው ሁሉ ባለበት ሰማያዊዋን ከፍተው ገቡ። ሠራ።

«ምን አደረግሽው?» አሏት ትርንጎን።

«ምንም አላደረግኩም፣ ጋሼ።»

«ምንም ሳታደርጊ የዳነ፣ ምንም ሳታደርጊ ይታመማል። መዝገቡ ይመለስ።»

ትርንጎ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። አላለቀሰችም።

«ሰዓቱ ነው» አልኩ። «በእኛ አቆጣጠር ሞልቼው ኖሮ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ነበር። አስተካከልኩት።»

ብድግ አለች። «ለካ! ቀበሮዋ ከዋናው ኮምፒውተር ሰዓት ጋር አስተያይታ ነው የምታሰላው፤ ይቺ ግን ያለችበትን ብቻ ታምናለች!»

«መቼ አወቅሽ፣ ሙሉ?» አሉኝ ጋሽ ሙላት።

«ዛሬ ጠዋት።»

መዝገቤ መጋዘን ገባ። ትርንጎ ቋሚ ሆነች፤ ዛሬ ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። መንገድ ላይ ስንገናኝ ልጆቿን «ሥራዬን ያተረፉልኝ እኚህ ናቸው» እያለች ጉልበቴን ታስማለች። እኔም ራሳቸውን እዳስሳለሁ። ያቺን ሐሙስ እስካሁን አልነገርኳትም። ብነግራት ወዲያው ይቅር ትለኛለች። በዚያም እንድትበልጠኝ አልፈልግም።